በሰው አገር መንገድ ስለ መሳትና ስለ መጠየቅ

ወዳጄ ሆይ፥ በሰው አገር ለትምህርት የሚኖር ወጣት ከተማውን ሊያይ ከማደሪያው ብቻውን ወጥቶ መንገድ ቢጠፋበት በደል አድርጓልን? ነገሩ እንደ ቀላል ይቈጠራል፤ ነገር ግን ልጆቻቸውን ባሕር አሻግረው የላኩ ወላጆችም የተላኩትም ልጆች በልባቸው የሚያመላልሱት ጥያቄ ነውና በጥቂቱ ልንመረምረው ይገባል።

አንዳንዶች፦ ተማሪ የተላከው ለመጽሐፍ ነው፤ ከመማሪያ ቤቱና ከማደሪያው በቀር የሚያወጣው ምን ጕዳይ አለው? ሲዞር የጠፋ እንደ ሆነ የእጁን አገኘ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፦ በአገሩ መካከል ተቀምጦ አገሩን ሳያዩ መማር፥ ገበያ ወጥቶ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መመለስ ነው ይላሉ። በሁለቱም ቃል እውነት አለበት። ሆኖም የነገሩ ሥር በመውጣቱም በመጥፋቱም ዘንድ አይገኝም። የሰው ጠባይ የሚመረመረው መንገድ ከጠፋበት በኋላ ነው። መሳቱን ባወቀ ጊዜ ቆሞ፦ መንገድ ጠፍቶብኛልና ምሩኝ ይላልን? ወይስ የሚያውቅ መስሎ እግሩን ያፈጥናል? መንገድ መሳት በራሱ ኀጢአት እንዳይደለ፥ መሳትን መሸሸግ ግን ሰውን ወደ ጥፋት እንደሚያደርስ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። በውስጡ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ብቻውን ስለ መውጣት

እግዚአብሔር ለሰው ዓይንና እግር የሰጠው ሥራውን አይቶ እንዲያደንቅ ነው። ያላዩትን ለማየት መውደድ ከፈጣሪ የተሰጠ ጠባይ ነውና ክፉ ነው ልንለው አይገባም። በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥም ብቻውን መንገድ የወጣ ወጣት አናጣም። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፥ የወንድሞቹን ደኅንነት አይቶ ይመለስ ዘንድ አባቱ ከኬብሮን ሸለቆ ወደ ሴኬም ላከው። በዚያም አጥቷቸው በሜዳ ሲቅበዘበዝ አንድ ሰው አገኘው። መጽሐፍ ስለ ዮሴፍ ብዙ ይነግረናል፤ ስለዚህ መቅበዝበዙ ግን አንዲት የነቀፋ ቃል ስንኳ አልጻፈበትም።

ብቻ መሄድ የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ። ከአገሩ ልጆች ጋራ ብቻ የሚዞር ተማሪ የሚነጋገረው በአገሩ ቋንቋ ነው፤ የሚስቀውም በአገሩ ጨዋታ ነው፤ ከተማው በአጠገቡ እንደ ሥዕል ያልፋል። ብቻውን የወጣው ግን ዳቦ ለመግዛትም ሆነ ባቡር ለመሳፈር በአገሬው ቋንቋ አፉን መክፈት ግድ ይሆንበታል። በመማሪያ ቤት ብዙ ቀን ደክሞበት ያልያዘውን ቃል ከባለ ሱቁ አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል።

እንግዲህ ብቻ መውጣት የሚነቀፈው መቼ ነው? ለዚህ አንድ መመርመሪያ አለ። ከመውጣትህ በፊት የምትሄድበትን ስፍራ ስም ለማደሪያህ ሰው ወይም ለባልንጀራህ ንገር። ስሙን ለመናገር ያፈርህ እንደ ሆነ፥ ገና ከደጅ ሳትወጣ መንገዱን ስተኸዋል፤ በጎዳናው ላይ ባትጠፋም የጠፋህ ነህ። ስሙን በግልጥ ተናግረህ የወጣህ እንደ ሆነ ግን፥ ብትዘገይ ስንኳ የሚፈልግህ ሰው ወዴት እንደሚፈልግህ ያውቃል። ለእኅቶቻችን ሌሊቱና ሰው የማይመላለስበት ሰፈር ከወንዶቹ ይልቅ የሚያሠጋቸው ስለ ሆነ፥ ይህን ልማድ አጥብቀው ቢይዙ ጥበብ ነው እንጂ ፈሪነት አይባልም።

፪፤ እንግዳ ሰው ስለ ምን መንገድ ይስታል

በአገራችን ቤት የሚጠየቀው በምልክት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፥ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፥ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ይባላል። ያም ባይበቃ የባለቤቱ ስም ይጠራል፤ ከሰፈሩ ልጆችም አንዱ ፊት ፊት እየሄደ ያደርሳል። በሎንዶን ከተማ ግን የባለቤቱ ስም ለጎረቤቱ ስንኳ ላይታወቅ ይችላል። በዚያ የሚጠቅመው በማእዘኑ ላይ የተጻፈው የመንገዱ ስምና በበሩ ላይ ያለው ቍጥር ነው፤ በብዙ መንገዶችም 1፥ 3፥ 5 የሚለው በአንድ ወገን፥ 2፥ 4፥ 6 የሚለው በማዶው ወገን ይሰለፋል።

ይህን የለመደ ሰው ደግሞ ወደ ቶክዮ ቢሄድ ዕውቀቱ አይረባውም። በዚያ ከታላላቆቹ ጎዳናዎች በቀር አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም፤ ቍጥር የሚሰጠው ለሰፈሩ ክፍልና በክፍሉ ውስጥ ላሉት ቤቶች ነው። በቬኒስም ጥንታዊው ከተማ በስድስት ክፍል ተከፍሎ፥ የእያንዳንዱ ክፍል ቤቶች ከአንድ ጀምረው እስከ ብዙ ሺህ በተራ ይቈጠራሉ። ስለዚህ የቤቱን ቍጥር ብቻ ይዞ የሄደ እንግዳ በቦዮቹና በድልድዮቹ መካከል ሲዞር ይውላል።

እንግዲህ በሰው አገር መንገድ የሳተውን ሰው ሰነፍ ነው አንበለው። መንገድ የሚታወቅበት ጥበብ ከአገር አገር ስለሚለይ ነው እንጂ፥ በአገሩማ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድ ነበር። ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ሁሉ ይህ ያገኘዋል።

ከዚህም በላይ ሰው በራሱ ስሜት ብቻ ተመርቶ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ይህ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ ያሉ የማክስ ፕላንክ ተቋም ሊቃውንት ምርመራቸውን በ2009 ገልጠዋል። ሰዎችን ወደ ሰፊ የጀርመን ዱርና በቱኒዝያ ወዳለው የሰሐራ ምድረ በዳ ወስደው፥ እስከ ብዙ ሰዓት ድረስ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አዘዟቸው። በዱሩ ውስጥ ፀሐይ የታየችላቸው ሰዎች አቅጣጫቸውን ሳይለቁ ሄዱ። ሰማዩ በደመና የተሸፈነባቸው ግን ሳይታወቃቸው እየዞሩ የገዛ ዱካቸውን ተሻገሩ። በምድረ በዳም ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ይሄድ የነበረው ሰው፥ ጨረቃዋ በደመና በተሰወረች ጊዜ ዞሮ ወደ መጣበት አቅጣጫ ተመለሰ። ዓይናቸው የታሰረባቸው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ጠባብ ክብ ውስጥ ይሽከረከሩ ነበር።

ወዳጄ ሆይ፥ ይህን አስተውል። እየዞሩ ሳሉ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ይመስላቸው ነበር። እግራቸው አልደከመም፤ ፈቃዳቸውም ክፉ አልነበረም። የጐደላቸው ከራሳቸው ውጭ የሆነ፥ ከእነርሱ ጋራ የማይናወጥ ምልክት ነው። ልቤ ይመራኛል፥ ሌላ መሪ አያስፈልገኝም የሚል ወጣት ይህን ምርመራ ያስብ። የሚዞር ሰው መዞሩን ከውስጡ ሊያውቀው አልቻለምና።

፫፤ ስለ አንድ የጃፓን ተማሪ

በዓለም ከታወቁት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ለምሳሌ እናንሣ። ናትሱሜ ሶሴኪ የተባለ፥ ከጃፓን ታላላቅ ደራሲዎች እንደ አንዱ የሚቈጠር ሰው፥ ገና ሳይታወቅ በ1900 የእንግሊዝን ቋንቋ ያጠና ዘንድ ከመንግሥቱ ወደ ሎንዶን ተልኮ ነበር። ዕድሜው 33 ዓመት ነበረ፤ በአገሩም እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ነበረ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚመራው ሰው ስላልነበረው ብቻውን ይወጣ ነበር። ስለ ሎንዶን ግንብ በጻፈው ጽሑፍ እንደሚተርከው፥ በየመስቀለኛው መንገድ ካርታውን ይዘረጋል፤ አላፊ አግዳሚውም እየገፋው ያልፋል። ካርታው ያልነገረውን ሰው ይጠይቃል፤ በዚያም ካልተረዳ ፖሊስ ይፈልጋል፤ ፖሊሱም ካልጠቀመው ነገሩ የሚገባውን ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሌላውን እያስቆመ ይጠይቃል። እንዲህ እያለ ወዳሰበው ስፍራ ደረሰ። መምህር ነኝ፥ ከመንግሥት የተላክሁ ነኝ ብሎ ከመጠየቅ አላፈረም። ይህ ሥራው ለተማሪ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በዩኒቨርሲቲው ያለውን ትምህርት ጥቂት ጊዜ ሰምቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሊቅ ቤት እየሄደ ሲማር ቈየ፤ ኋላም ያንን ትቶ፥ ያለውን ገንዘብ ለመጻሕፍት እያወጣ በኪራይ ክፍሉ ዘግቶ ተቀመጠ። ጭንቀት በረታበት፤ አእምሮው ታወከ የሚልም ወሬ እስከ ጃፓን ድረስ ተሰማ። በጎዳና ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይጠይቅ የነበረው ሰው፥ ልቡ በጠፋበት ጊዜ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። በ1903 ወደ አገሩ ተመለሰ። እነዚያ በሎንዶን የኖረባቸው ሁለት ዓመታት ከዘመኑ ሁሉ ደስታ የራቀባቸው እንደ ነበሩ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ጻፈ። በ1914ም ለተማሪዎች ሲናገር፥ ያን ጊዜ በጉም እንደ ተከበበ፥ በጆንያም ውስጥ እንደ ታሰረና መውጫ እንዳጣ ሰው ሆኖ እንደ ነበረ ገለጠላቸው።

እኛ በዚህ ሰው ላይ ልንፈርድበት አይገባም። ይልቁንም ያለፈበትን ጭንቀት ከኋላው ለሚመጡት ወጣቶች በግልጥ ስለ ነገራቸው ልናመሰግነው ይገባናል። ደግሞም በዚያ በጨለማው ዘመን፥ ያልጠየቃት የማደሪያው እመቤት ከክፍሉ ወጥቶ ብስክሌት እንዲለማመድ ግድ አለችው፤ እርሱም ይህን ነገር እያሣቀ ጽፎታል። እግዚአብሔር ለእንግዳ ሰው የሚያስብለትን ሰው ከማያስበው ስፍራ ያስነሣለታል።

ሶሴኪ ከዚያ ጭንቀት የወጣው የሌላውን ፍርድ መዋስን ትቶ በራሱ ማስተዋል ለመቆም ቈርጦ እንደ ሆነ ለተማሪዎቹ ነግሯቸዋል። በዚህም ቃል ለክርስቲያን የሚጠቅም ነገር አለበት፤ መንገድ ጠይቆ የተረዳ ሰው የሚሄደው በገዛ እግሩ ነውና፥ ሌላው ስላለ ብቻ የሚያምን ሰው ገና አላመነም። ሆኖም ቀድመን እንዳየነው፥ በደመና ቀን በራሱ ስሜት የሄደ ሰው ዞሮ በዱካው ላይ ይገኛል። ስለዚህ የራስ ማስተዋል ከላይ የሚመጣ ብርሃን ያስፈልገዋል እንላለን፤ ይህንንም ብርሃን በክርስቶስ አግኝተነዋል።

፬፤ ስለ ይሉኝታ

ታዲያ ሰው መጥፋቱን እያወቀ ስለ ምን አይጠይቅም? መጠየቅ በአገራችን ነውር ሆኖ አይደለም። መንገደኛ ሲመሽበት በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፦ የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን፥ አሳድሩን ብሎ ለመጣራት አያፍርም ነበር፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፥ ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል። የዚያ መንገደኛ ልጅ ኮትና ክራባት አድርጎ በባዕድ ከተማ ጎዳና ላይ ሲቆም ግን አንደበቱ ይታሰራል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ቋንቋው ይሰበርብኛል፥ ይሥቁብኛል ብሎ ይፈራል። ደግሞም ራሱን የአገሩ መልክተኛ አድርጎ ያያልና፥ እኔ ባላውቅ አገሬን አላዋቂ ያደርጓታል ብሎ ያስባል። ከሁሉም በላይ በቤተ ዘመዱ ዘንድ የተማረው ልጅ ተብሎ ስለሚጠራ፥ የተማረ ሰው አላውቅም ይላልን? እያለ ከራሱ ጋራ ይሟገታል። ይህ ሁሉ ይሉኝታ ይባላል።

ይሉኝታ በገዛ ስፍራው መልካም ነው። በሰው ፊት ከመሳደብ፥ ሽማግሌን ከመዳፈር፥ እንግዳን ሳያበሉ ከመስደድ ይከለክላል። የሚያድነንን ቃል ከመናገር በከለከለን ጊዜ ግን ጌታችን ሆኖ ተሾመብን ማለት ነው፤ ለሁለት ጌታ መገዛት ደግሞ አይቻልም። አባቶች፦ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብለዋል። በሰው አገር ካለመናገር የሚቀረው ከዚህ ይበልጣል፤ ትምህርትም፥ ጤናም፥ ነፍስም ይቀራልና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በጎዳና የጠፋ ሰው በአንድ ሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ማደሪያውን ያገኛል። ነገር ግን በፈተና ወድቆ ያልተናገረ ተማሪ አለ፤ ገንዘቡ አልቆ ጾሙን የሚያድር አለ፤ ወደ መማሪያ ቤት መሄድ ትቶ ቀኑን ተኝቶ የሚውል አለ፤ በመጠጥ ባልንጀሮች መካከል የወደቀ አለ፤ ልቡ ጨልሞ መኖርን የጠላ አለ። ይህም ሰው ወደ ቤቱ ሲጽፍ፥ ደብዳቤያችን ከጥንት እንደ ለመደው፦ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ብሎ ይጀምራል። ዛሬ በስልክ ሲነጋገርም የሚቀድመው ያው ቃል ነው። ከዚያ በታች የሚመጣ እውነት ግን የለም።

በዚህ ላይ አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ እናቴ በሩቅ ሆና ልትረዳኝ በማትችለው ነገር እንዳትጨነቅ ብዬ ደኅና ነኝ ብላት፥ ይህ ሐሰት ነውን ወይስ ፍቅር ነው? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ያለፈውን ትንሽ ችግር፥ የተፈወሰውን ጕንፋን ሁሉ ቈጥሮ መንገር ግድ አይደለም፤ ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። ነገር ግን ዝም ማለትና ሐሰት መናገር ልዩ ልዩ ናቸው። እንግዲህ ልብህን እንዲህ ብለህ መርምረው፦ በዚህ ቃል ከኀዘን የማድናት እናቴን ነውን? ወይስ ከውርደት የማድነው የራሴን ክብር ነው? ብዙ ጊዜ ለእናት ስንል አደረግነው የምንለው ለክብራችን ያደረግነው ሆኖ ይገኛል። እናትም ነገሩን በመጨረሻው በሰማች ጊዜ ኀዘንዋ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ልጅዋ ስለ ተቸገረ፥ ሁለተኛውም ለእርስዋ ሊነግራት ስላልፈቀደ ነው።

ስለዚህ ሁሉን ለሁሉ ንገር አልልህም። ነገር ግን ባለህበት ከተማ እውነተኛ ኑሮህን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑርህ፤ መምህር ይሁን፥ የማኅበረ ምእመናን እረኛ ይሁን፥ ሐኪም ይሁን፥ ታማኝ ባልንጀራ ይሁን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ልቡ የጨለመበት ሰው ዛሬ ሐኪም ቢጠይቅ እምነት ጐደለው አይባልም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ፖሊስ ቢጠይቅ ካርታን ናቀ እንደማይባል።

ወላጆች ሆይ፥ ለእናንተም የምንለው አለን። ልጃችሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ አፉን ከፍቶ፦ መንገድ ጠፍቶብኛል ብሎ የጻፈላችሁ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው መልሳችሁ ቍጣ አይሁን። ጌታችን በተናገረው ምሳሌ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ገንዘቡን ያባከነው ልጅ በተመለሰ ጊዜ፥ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ እንጂ ደጁን ዘግቶ ሒሳብ አልጠየቀውም። እውነትን የተናገረ ልጅ ርግማን የሚከፈለው ከሆነ፥ ሁለተኛ እውነትን አይናገርም።

፭፤ ስለ ዘመናችን መሪ

ከተማሪዎች አንዱ፦ ይህ ሁሉ ለቀድሞው ዘመን ነበረ፤ ዛሬ በኪሴ ያለው ስልክ መንገዱን ያሳየኛል ይል ይሆናል። እውነት ነው። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ፤ ስልኩም ቢያንስ ከአራቱ የመጣውን ምልክት ተቀብሎ የቆምህበትን ስፍራ ያሰላል። ለሰው ልጅ ይህን ያህል ጥበብ የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህንንም መሣሪያ የሚንቅ ሞኝ ነው።

ነገር ግን ያለህበትን ስፍራ ማወቅ ወዴት መሄድ እንደሚገባህ ከማወቅ የተለየ ነው። መሣሪያው አንተ የጻፍህለትን ስፍራ ያሳይሃል፤ ወደ ጸሎት ቤትም ወደ ጥፋት ቤትም በእኩል ትጋት ይመራሃል። ኀይሉም ያለቀ እንደ ሆነ ዝም ይላል። ደግሞም በእርሱ ብቻ የሚሄድ ተማሪ ማንንም ሳይጠይቅ፥ በማንም ሳይጠየቅ ዓመታትን ሊፈጽም ይችላል። በጎዳና ላይ ከቶ ያልጠፋ፥ ነገር ግን በዚያ ከተማ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ስንኳ የሌለው ተማሪ፥ መንገዱን አገኘ ልንል አንችልም።

፮፤ ስለሚጠየቀው ሰው

ዮሴፍን በሜዳ ያገኘው ሰው ስሙ አልተጻፈም። ነገር ግን ልጁን ሲቅበዘበዝ አይቶ ዝም ብሎ አላለፈውም፤ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ እርሱ ቀድሞ ጠየቀው። ዮሴፍም ወንድሞቹን እንደሚፈልግ ሳይሸሽግ ነገረው፤ ሰውየውም ወደ ዶታይን እንደ ሄዱ ሰምቶ ነበርና አመለከተው። እርግጥ ነው፥ ዮሴፍ በዶታይን ያገኘው ጕድጓድና ባርነት ነበረ። መጠየቅ ሁሉን መንገድ ምቹ ያደርጋል ብለን አንዋሽም። ሆኖም ያ የመንገድ ሰው በእርሱ ዘንድ የነበረውን እውነት ሰጠ፤ የቀረውን እግዚአብሔር ፈጸመው፤ በዚያም መንገድ ብዙ ሕዝብ ከራብ ዳነ።

የእኛም ከተማ ለሌላው የሰው አገር እንደ ሆነች አንርሳ። በ1958 የኢትዮጵያ መንግሥት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሰጥቶ፥ ብዙዎች መጥተው በአዲስ አበባ ተምረዋል። የመንገድ ስምና የቤት ቍጥር ለምደው ወደ እኛ የመጡት፥ ሰፈር በምልክት በሚጠራበት ከተማ እንዴት ተቸግረው ይሆን!

በዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚታይ አንድ ጕድለት አለ። መንገድ የተጠየቀ ሰው ስፍራውን ባያውቀውም፥ አላውቅም ማለት እንግዳን ማሳፈር መስሎት በእጁ ወዲያ ብሎ ያመለክታል። ይህ ቸርነት አይደለም፤ እንግዳው ከመጀመሪያው ይልቅ ይርቃል። የሚጠይቀው ሰው አላውቅም ለማለት እንደሚያፍር ሁሉ፥ የሚጠየቀውም ያፍራል፤ ሁለቱንም ያሰራቸው ያው ይሉኝታ ነው። እንግዲህ የማታውቀውን ስትጠየቅ፦ እኔ አላውቀውም፤ የሚያውቅ ሰው አብረን እንፈልግ በል። ወንጌልን የምናስተምር ሰዎችም የማናውቀውን ስንጠየቅ እንዲሁ ልንል ይገባናል፤ በሥጋ መንገድ ሐሰት ያመለከተ እንግዳን ቢያደክም፥ በነፍስ መንገድ ሐሰት ያመለከተ ምን ያህል ያጠፋል!

፯፤ ለሚሄዱ ተማሪዎች የሚሆን ምክር

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፥ ወደ ባዕድ ከተማ የሄድህ እንደ ሆነ እነዚህን ነገሮች ጠብቅ። የማደሪያህን ስፍራ በዚያው አገር ፊደል በወረቀት አጽፈህ በኪስህ ያዝ፤ ስልክ ቢጠፋ ወረቀት ይቀራልና። ወዴት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለአንድ ሰው ንገር። በምትሄድበት ጊዜ አልፎ አልፎ ወደ ኋላህ ዞረህ ተመልከት፤ መንገድ ሲሄዱበትና ሲመለሱበት መልኩ አንድ አይደለም።

መጥፋትህን የተጠራጠርህ እንደ ሆነ ወዲያው ቁም። የፈራ ሰው እግሩን ያፈጥናል፤ በፈጠነም መጠን ይርቃል። ወደምታውቀው የመጨረሻ ስፍራ መመለስ የሚቻልህ እንደ ሆነ ተመለስ፤ መመለስ ሽንፈት አይደለም። የማይቻልህ እንደ ሆነ ጠይቅ። ስትጠይቅም በሥራው ላይ ያለውን ሰው ምረጥ፤ ባለ ሱቁን፥ የባቡር ቲኬት ሻጩን፥ ፖሊሱን። በጣቢያ ደጅ ቆሞ ሳትጠራው መጥቶ ላድርስህ የሚልህን ሁሉ ቶሎ አትመን፤ ደግሞም ክፉ ነው ብለህ አትስደበው። አንዱ የነገረህን ሁለተኛው ካጸናልህ ሂድ። በደረስህም ጊዜ ለሚጠብቅህ ሰው መድረስህን አስታውቅ።

ይህ ሁሉ ለጎዳና የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ልብህም በጠፋበት ጊዜ ሥርዐቱ ያው ነው። ቁም፤ ተመለስ፤ ጠይቅ። ጌታችን ኢየሱስ ስንኳ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱና ዮሴፍ ሦስት ቀን ተጨንቀው ፈልገው ባገኙት ጊዜ፥ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ነበረ። እርሱ ከጠየቀ እኛ ምን ያሳፍረናል?

ከአገራችን ስም ጋራ የተጻፈውንም ሰው አስብ። የሕንደኬ ጃንደረባ በገንዘብዋ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ታላቅ ሹም ነበረ፤ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ ያ ሹም እንዴት እንዲህ ትለኛለህ ብሎ አልተቈጣም። የሚመራው ሰው ከሌለ ሊያስተውለው እንደማይችል ተናገረ፤ ያን በእግሩ የሚሄድ እንግዳም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። በሠረገላ ያለው በእግር ያለውን ጠየቀ፤ ስለዚህም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ።

በባዕድ ከተማ በዚህ ሰዓት መንገድ የጠፋበት ልጅ ሁሉ ለመጠየቅ ድፍረትን፥ የሚጠየቀውም ሰው ሁሉ ለመመለስ ርኅራኄን ያገኝ ዘንድ፥ የጠፋውን ሊፈልግ የመጣ ጌታ ይርዳን። አሜን።